የሙዚቃ አፑ ድምፅ ከሰኞ ማታ ጀምሮ ታፈነብኝ፤ ከየት ልጀምር?

ቡና_በፒያሳ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ቡና ቤት አለችኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ሙዚቃ አይጠፋባትም። አፑን በየወሩ ከፍዬ ነው የምጠቀመው፣ ነፃውን አይደለም። ስልኬ አንድሮይድ ነው። በብሉቱዝ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ይገናኛል፣ ግድግዳ ላይ ሁለት ስፒከር አለ። ኢንተርኔቱ ዋይፋይ ነው።

ከሰኞ ማታ ጀምሮ የድምፁ ጥራት ወረደ። አይቆራረጥም፣ አይቆምም፣ ግን ታፍኗል። ማሲንቆ ላይ በደንብ ይታወቀኛል። ደጋኑ ጭራውን ሲፈትገው የሚወጣው ሻካራ ድምፅ የለም። ጭብጨባ ያለበት ዘፈን ደግሞ ብሶበታል። ‹ጧ› ማለት ሲገባው ‹ፍሽ› ይላል። የዘወትር ደንበኛዬ የሆኑ አንድ አባት ‹ምነው ልጄ፣ ሙዚቃው ጉንፋን ያዘው እንዴ?› ብለው ጠየቁኝ።

የነካሁት ነገር የለም። ስልኩም ያው፣ አምፑም ያው። እዚህ አገር ሰው አዝማሪ እየሰማ ነው ያደገው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት የታፈነ ማሲንቆ መክፈት ይከብደኛል። የምታውቁ ካላችሁ ከምን ልጀምር?

አዘዞ_ልጅ፦

ኔት ነው ወንድሜ። ራውተሩን አጥፍተህ አብራው። ማታ ማታ ሁሉም ሰው ቪዲዮ ላይ ነው።

ቡና_በፒያሳ፦

አጥፍቼ አብርቻለሁ። ለትንሽ ጊዜ ደህና ሆነና ተመልሶ ታፈነ። ደግሞ ጠዋት ሰው በሌለበትም ያው ነው።

ድምፅ_በጎንደር፦

ወንድማለም፣ መገመቱን ትተን መንገዱን እንከፋፍለው። ዘፈኑ ከአፑ ሰርቨር ይነሳል። በኢንተርኔት ራውተርህ ጋ ይደርሳል፣ በዋይፋይ ስልክህ ውስጥ ይገባል። ከስልኩ በብሉቱዝ ወደ አምፑ፣ ከአምፑ በሽቦ ወደ ስፒከሩ። ችግሩ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ነው። እኔ የሠርግ ድምፅ ነው የምሠራው። ድንኳን ውስጥ ድምፅ ሲበላሽ ከጫፍ ጀምሬ ሽቦ አልነቅልም። መሃል ላይ ቆርጬ የትኛው ግማሽ ጤነኛ እንደሆነ አያለሁ። ያንተ መሃል ስልኩ ነው።

ሁለት ነገር ሞክር። ከሰኞ በፊት ዳውንሎድ ያደረግከው ዘፈን ካለ፣ ዋይፋይና ዳታ አጥፍተህ በዚያው ብሉቱዝና በዚያው ስፒከር አጫውተው። ጥርት ካለ ከስልኩ ወዲህ ያለው ሁሉ ነፃ ነው። ቀጥለህ ዋይፋዩን አብራና ያላወረድከውን ዘፈን በሽቦ ኤርፎን ስማ። እሱ ከታፈነ ጣጣው ከስልኩ ወዲያ ነው።

ዘፈኑን ስትመርጥ ጭብጨባና እልልታ ያለበት፣ በልብህ የምታውቀው ይሁን። ምክንያት አለኝ። ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚላከው ተጨምቆ ነው። የዳታው መጠን በኪሎቢት ይለካል፣ ሲዲ በሰከንድ 1411 ኪሎቢት ይወስዳል። ስፖቲፋይን ለምሳሌ ብንወስድ ‹ዝቅተኛ› የሚለው 24 ኪሎቢት ገደማ ነው፣ ‹መደበኛ› 96፣ ‹ከፍተኛ› 160፣ ‹በጣም ከፍተኛ› 320። ዩቲዩብ ሚውዚክ 48፣ 128 እና 256 አለው። ኪሎቢቱ ሲያንስ መጭመቂያው የሆነ ነገር መጣል አለበት። መጀመሪያ የሚሄደው ከላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ነው። ድምፃዊው ይቀራል፣ ባሱም ይቀራል። የማሲንቆው ፍትጊያ፣ የጸናጽሉ ሽሽታና የጭብጨባው ስንጥቅ ይሄዳሉ።

ጭብጨባ ለመጭመቂያ ፕሮግራሞች ከባዱ ፈተና ነው። ድንገት ይነሳል፣ ድንገት ይጠፋል፣ ውስጡ ደግሞ ከወፍራም እስከ ቀጭን ሁሉም ድምፅ አለ። ኪሎቢቱ ካልበቃው ስንጥቁ በጊዜ ይበተንና አንተ ያልከው ‹ፍሽ› ይሆናል። እና የጻፍከውን ሳነብ ስፒከር ነው ብዬ አላሰብኩም። ቢሆንም እንፈትሸው።

ስታወዳድር ግን የድምፁ መጠን እኩል ይሁን። ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል።

ሳቢ_ማራኪ፦

ይቅርታ፣ እዚሁ ልጠይቅ። ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። በብሉቱዝ ኤርፎን ሙዚቃ እየሰማሁ በድንገት እንደ ስልክ ጥሪ ይሆንብኛል። ባስ የለም፣ ግራና ቀኝ አይለይም። ዳውንሎድ ያደረግኩትም ያው ነው። አፑን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። የእኔም ኔት ይሆን?

ድምፅ_በጎንደር፦

እህቴ፣ ያንቺ ሌላ ነው። ዳውንሎዱም ከተበላሸ ኢንተርኔቱን እርሺው።

ብሉቱዝ ሁለት አሠራር አለው። አንደኛው ለሙዚቃ ነው። ስቴሪዮ ነው፣ ኤስ.ቢ.ሲ በሚባለው የተለመደ መጭመቂያ እስከ 328 ኪሎቢት ገደማ ይሄዳል። ሁለተኛው ለጥሪ ነው። ማይኩን የሚጠቀም አፕ ሲከፈት ኤርፎኑ ወደዚህኛው ይገለበጣል። ያኔ ድምፁ በሰከንድ የሚለካው 8 ሺህ ጊዜ ብቻ ነው፣ በተሻሻለው ደግሞ 16 ሺህ። የተለመደ የሙዚቃ ፋይል 44,100 ጊዜ ነው የሚለካው። 8 ሺህ ላይ ስትወርጂ ከ4 ሺህ ኸርዝ (በሰከንድ 4 ሺህ ንዝረት) በላይ ያለው ድምፅ ከነጭራሹ ይጠፋል። ጤነኛ ወጣት ጆሮ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ድረስ ይሰማል።

ስለዚህ ጥያቄው ማይክሽን ማን ይዞታል የሚል ነው። ቴሌግራም ላይ ቮይስ ቻት ተከፍቶ ቀርቷል? ላፕቶፕ ከሆነ የስብሰባ አፕ አለ? ዝጊውና ኤርፎኑን አላቅቀሽ መልሰሽ አገናኚው።

ሳቢ_ማራኪ፦

የክፍላችን ግሩፕ ላይ ቮይስ ቻት ተከፍቶ ነበር! ወጣሁ፣ ወዲያው ተመለሰ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አራዳ_ጥገና፦

አራዳ ስልክ እጠግናለሁ። ‹የሙዚቃ አፑ ተበላሸ› ብለው ከሚመጡልኝ ብዙዎቹ ችግራቸው ጃክ ነው። አንድ ምልክት ልንገራችሁ፣ ለሌላም ሰው ይጠቅማል። ዘፋኙ ጠፍቶ ኦርጋኑና ማሚቶው ብቻ ከተሰማችሁ አፑን አትንኩት።

የ3.5 ሚሊሜትር ጃክ ላይ የግራ፣ የቀኝ እና የጋራ መመለሻ ሽቦ አለ። የጋራው ሲበጠስ ወይም በቆሻሻ ምክንያት ሳይነካ ሲቀር፣ ኤርፎኑ የሚያጫውተው የግራና የቀኙን ልዩነት ብቻ ይሆናል። ዘፋኝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ ነው የሚቀመጠው። ግራውም ቀኙም ላይ እኩል አለ። እኩል ከእኩል ሲቀነስ ዜሮ ነው፣ ዘፋኙ ይጠፋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ‹ተደራሽነት› የሚለው ጋ ‹ሞኖ ድምፅ› አለ። አብሩት። ያኔ ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ስለሚሆን፣ የጋራው ሽቦ ከተበጠሰ ድምፁ በሙሉ ጭጭ ይላል ወይም በጣም ያንሳል። ኬብል ቀይሩ። የስልኩ ቀዳዳ ከሆነ ስልኩን አጥፍታችሁ ብናኙን በስቴኪኒ ቀስ አድርጋችሁ አውጡ። መርፌ እንዳታስገቡ፣ ውስጥ ያሉትን ምላሶች ታጎብጣላችሁ።

አዘዞ_ልጅ፦

የእኔ ደግሞ ጥራቱ ደህና ነው፣ ግን ድምፁ ከጓደኛዬ ስልክ ያንሳል። ስልኩም አፑም አንድ ዓይነት ነው። ይሄስ?

ድምፅ_በጎንደር፦

የአፑ ሴቲንግ ውስጥ ድምፅን እኩል የሚያደርግ ማብሪያ አለ። አንዱ ዘፈን ጮክ፣ ሌላው ዝቅ እንዳይል ሁሉንም ወደ አንድ ልክ ያመጣል። ስፖቲፋይ ላይ የተለመደው ልክ -14 ሉፍስ ነው፣ ሉፍስ የጩኸት መለኪያ ነው። አንተ ጋ በርቶ ጓደኛህ ጋ ጠፍቶ ይሆናል። የዘፈኑን ጥራት አይነካም። ቡና ቤት ውስጥ እንዲያውም ይበራ እላለሁ፣ የድሮው ዘፈን አልቆ አዲሱ ሲገባ ሰው አይደነግጥም።

ቡና_በፒያሳ፦

ሞከርኩ። ዋይፋዩን አጥፍቼ ያወረድኩትን አንድ የባህል ዘፈን በስፒከሩ ከፈትኩ። ጥርት አለ! ጭብጨባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። እንግዲህ ብሉቱዙም፣ አምፑም፣ ስፒከሩም ደህና ናቸው። ከዚያ ዋይፋዩን አብርቼ ያላወረድኩትን በኤርፎን ሰማሁ። የታፈነ ነው። ዘፋኟ በደንብ ትሰማለች፣ ስለዚህ የጃክ ነገር አይደለም። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አየሁ፣ የዋይፋይ ጥራቱ ‹አውቶማቲክ› ይላል።

ከባህር_ዳር፦

ክፍያህ ተቋርጦ ይሆናል። እኔ ውጭ ያለችው እህቴ ናት የምትከፍልልኝ። ካርዷ ጊዜው ሲያልፍ አፑ ወደ ነፃው መለሰኝ። ነፃው ላይ ደግሞ ከፍተኛው ጥራት የለም። እስቲ አካውንትህን እይ።

ቡና_በፒያሳ፦

አየሁት፣ አልተቋረጠም። ማስታወቂያም አይገባብኝም። ያወረድኳቸው ዘፈኖችም ይሠራሉ። ክፍያው ቢቆም ኖሮ እነሱም ይዘጉብኝ ነበር።

ድምፅ_በጎንደር፦

ጥሩ አየህ። አሁን ግማሹን መንገድ ጥለነዋል። የቀረው ራውተሩና ከራውተሩ ወዲያ ያለው ነው።

‹አውቶማቲክ› ማለት አፑ የኢንተርኔቱን ሁኔታ እያየ ጥራቱን ራሱ ይመርጣል ማለት ነው። መስመሩ ሲዳከም ዘፈኑን ከማቆም ጥራቱን ዝቅ ማድረግ ይመርጣል። አንተ ጋ የማይቆራረጠው ለዚህ ነው። ቢቆራረጥ ኖሮ ከመጀመሪያው ኔት ነው ትል ነበር። አፑ ግን ችግሩን በጥራት እየከፈለ ይሸፍነዋል፣ ማስጠንቀቂያም አያሳይህም። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ጥራቱ ሲወርድ ማያ ገጹ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ቢያሳዩ ምን ነበረበት? ከፍሎ የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው ስንት ኪሎቢት እንደሆነ የማወቅ መብት አለው።

ደግሞ ሙዚቃ ብዙ አይጠይቅም። 320 ኪሎቢት 0.32 ሜጋቢት ማለት ነው። በሰዓት 144 ሜጋባይት ነው። 96 ኪሎቢት ከሆነ በሰዓት 43 ገደማ። አንድ የቡና ቤት ዋይፋይ ይህን መሸከም ካቃተው መስመሩን ሌላ የሚበላው ነገር አለ።

ዋይፋዩን አጥፍተህ በሞባይል ዳታ ሞክር። የዳታ ጥራት ሴቲንጉ ላይ ለብቻው ስለሚመረጥ መጀመሪያ እሱን እይ። ዳታ ቆጣቢ በርቶ ከሆነ አጥፋው። ደግሞ ቅድም የሰማኸውን ዘፈን አትድገም፣ አፑ አስቀድሞ የጫነውን ሊያጫውትልህ ይችላል። አዲስ ክፈት። ከዚያ ወደ ዋይፋይ ተመለስና የፍጥነት መለኪያ ክፈት። ሰው ሁሉ የማውረጃውን ፍጥነት ብቻ ነው የሚያየው። አንተ የመላኪያውንና የፒንጉንም (መልእክት ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ) ጻፍልን።

አዘዞ_ልጅ፦

አውቶማቲኩን ትቶ ጥራቱን 320 ላይ ቢያስረውስ? አይገላገልም?

ድምፅ_በጎንደር፦

ለመመርመር ጥሩ ነው። ከፍተኛው ላይ አስሮት ዘፈኑ መቆም ከጀመረ መስመሩ በእርግጥ ደክሟል ማለት ነው። ሳይቆም ጥርት ካለ ደግሞ አፑ ራሱ አላግባብ ዝቅ አድርጎት ነበር ማለት ነው። ግን ደንበኛ ተቀምጦ ዘፈን በየመሃሉ የሚቆምበት ቡና ቤት አይሆንም። ምክንያቱን እናግኘው።

ቡና_በፒያሳ፦

በዳታ ጥርት ብሎ መጣ። ማሲንቆው ተመለሰ!

በዋይፋይ ለካሁ። ማውረጃው አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል። መላኪያው ግን ዜሮ ነጥብ ምናምን ነው። ፒንጉ ከአንድ ሺህ ሚሊሰከንድ በላይ ነው። ይሄ ምን ማለት ነው?

ድምፅ_በጎንደር፦

መላኪያህ ታንቋል። አንድ ነገር ሳያቋርጥ ወደ ውጭ እየላከ ነው። ራውተሩ ውስጥ ግባ። ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለህ ጻፍ፣ ካልሆነ አድራሻው ራውተሩ ጀርባ ያለው ተለጣፊ ላይ አለ። የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር እይና የማታውቀውን ፈልግ።

ቡና_በፒያሳ፦

ጉድ ነው። የማላውቃቸው አራት ዕቃዎች አሉ። ከጎኔ ያለው ልብስ ቤት የአጎቴ ነው፣ ዋይፋዩን አብረን ነው የምንጠቀመው። ሄጄ ጠየቅኩት። ሰኞ ከሰዓት የጥበቃ ካሜራ አስገጥሟል። አራቱም ቀንና ሌሊት ቪዲዮውን ወደ ኢንተርኔት ይልካሉ፣ እሱም ስልኩ ላይ ያያቸዋል። ‹ጋሼ፣ ለአንድ አፍታ ይንቀሏቸው› አልኩት። ሲነቅላቸው ፒንጉ ወዲያው ወረደ። አዲስ ዘፈን ከፈትኩ፣ ጥርት አለ።

ግን አልገባኝም። ካሜራው የሚልክ ነው፣ እኔ የማወርድ ነኝ። መንገዳችን የተለያየ አይደለም?

ድምፅ_በጎንደር፦

እሰይ! ጥያቄህም ጥሩ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይበት።

ስልክህ የዘፈኑን ቁራጭ ሲቀበል ዝም ብሎ አይቀበልም። ‹ይሄ ደርሶኛል፣ ቀጥል› የሚል ትንሽ መልእክት ወደ ሰርቨሩ ይመልሳል። ሰርቨሩ ያንን ሳያገኝ ብዙ አይገፋም። መልእክቱ የሚወጣው ደግሞ በመላኪያው በኩል ነው፣ ካሜራዎቹ በሚወጡበት። ካሜራዎቹ መላኪያውን ከሞሉት ራውተሩ የቀረውን ያሰልፈዋል። ያንተ ትንሽ መልእክት ከረጅም የቪዲዮ ሰልፍ ኋላ ይቆማል። ፒንግህ ከሺህ ያለፈው ሰልፉ ያን ያህል ስለረዘመ ነው። ሰርቨሩ መልስ ሲዘገይበት ይቀዘቅዛል። አፑ ይህን ያይና ‹ኔቱ ደካማ ነው› ብሎ ጥራቱን ይቀንሳል። ማውረጃህ ሰፊ ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

ቁጥሩን እይ። 1080 የሚባለው ጥራት ያለው ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ገደማ ይልካል። አራት ሲሆን 8 ነው። በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል መስመር ማውረጃው ሰፊ፣ መላኪያው ጠባብ ሆኖ የተሠራ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ማውረጃው እስከ 8 ሲሄድ መላኪያው 1 ሜጋቢት ገደማ ላይ ያበቃል። አራት ካሜራ እዚያ ውስጥ አይገባም። ራውተሩን አጥፍተህ ስታበራው ለትንሽ ጊዜ ደህና የሆነልህም ለዚህ ነው። ካሜራዎቹ እንደገና ተገናኝተው መላክ እስኪጀምሩ ድረስ መስመሩ ያንተ ብቻ ነበር።

አጎትህን ካሜራውን ንቀል አትበላቸው። ልብስ ቤት ጥበቃ ያስፈልገዋል። ካሜራዎቹ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበሉ ከሆነ ቀረጻውን እዚያው ያስቀምጡ። ወደ ኢንተርኔት የሚልኩት እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ይሁን። ወደ ውጭ የሚላከውን ጥራትም ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ፊት ለመለየት የካርዱ ቅጂ ይበቃል። ራውተሩ ለአንድ ዕቃ ቅድሚያ መስጠት ከቻለ ደግሞ ሙዚቃ ለሚያጫውተው ስልክ ስጠው።

ከባህር_ዳር፦

እኔም እግረ መንገዴን ልጠይቅ። አሁን ያለምንም ቅነሳ የሚያጫውቱ አገልግሎቶች አሉ፣ የሲዲ ጥራት ማለት ነው። አፕል ሚውዚክ ከ2021 ጀምሮ አለው። ቡና ቤቱ እሱን ቢያበራ አይሻልም?

ድምፅ_በጎንደር፦

በብሉቱዝ ከሆነ አያገኘውም። ቅድም እንዳልኩት ኤስ.ቢ.ሲ 328 ኪሎቢት ገደማ ላይ ያቆማል። ኤል.ዳክ የሚባለው ትልቁ የብሉቱዝ መጭመቂያ እንኳ እስከ 990 ነው የሚሄደው፣ ሲዲ ደግሞ 1411 ነው። ስልኩ ዘፈኑን ሙሉ ተቀብሎ ለብሉቱዙ እንደገና ይጨምቀዋል። ትርፉ ተጨማሪ የዳታ ወጪ ብቻ ነው። የሲዲ ጥራት ሳይጨመቅ በሰዓት 635 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከድምፁ ምንም ሳይጥሉ ፋይሉን በሚያሳንሱበት ዘዴ ቢያንስም ከ320ው 144 ሜጋባይት በብዙ ይበልጣል።

እሱን የፈለገ ከስልኩ ወደ አምፑ ኬብል ይዘርጋ። ለቡና ቤት ግን ሲኒ እየተንኳኳ፣ ሰው እያወራ ከ320 በላይ ያለውን ልዩነት የሚለይ ጆሮ ይኖራል ብዬ አላምንም። ከ24 ወይም ከ96 ወደ 320 መውጣት ግን አሁን እንዳየነው በማሲንቆ ላይ ይሰማል።

ቡና_በፒያሳ፦

አጎቴ ጋር ተስማማን። የገጠመለት ልጅ መጥቶ ካርድ አስገባበት፣ አሁን የሚልከው ሰው ሲገባ ብቻ ነው። ሙዚቃው ተስተካከለ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አንድ የድሮ አልበም አለ፣ ጠዋት ጠዋት የምከፍተው። ሌላው ሁሉ ጥርት ሲል እሱ አሁንም የታፈነ ነው። ዳውንሎድ ባደርገውም ያው። በፊት እንዲህ አልነበረም።

ቆየት_ያለ_ካሴት፦

ልጄ፣ ይሄኛው የኔ ሙያ ነው። ካሴትና ሸክላ ስሰበስብ ነው የኖርኩት። እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ ልጆቹ በደንብ መልሰውልሃል።

የድሮ ዘፈናችን ብዙው ዋናው ማስተር ቴፕ የለም ወይም የት እንዳለ አይታወቅም። አፑ ላይ የሚወጣው አንዳንዱ ከሸክላ፣ አንዳንዱ ከካሴት፣ አንዳንዱም ከካሴት ግልባጭ የተወሰደ ነው። በደርግ ጊዜ ሸክላ ቀርቶ ካሴት ሲነግሥ አንዱ ካሴት ከሌላው እየተቀዳ ነው አገር ያዳረሰው። በተቀዳ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ ይሳሳል፣ የቴፑ ሽሽታም ይጨምራል። እንዲህ ያለውን ቅጂ በ320 ብትልከው የምታገኘው በደንብ የተላከ የተዳከመ ካሴት ነው።

‹በፊት እንዲህ አልነበረም› ያልከውም እውነት ሊሆን ይችላል። አንድ አልበም አፑ ላይ ከአንድ በላይ ቅጂ ሊኖረው ይችላል። የአንዱ አሳታሚ ውል ሲያልቅ የእሱ ቅጂ ይወርዳል። ዝርዝርህ ውስጥ የነበረው ዘፈን በሌላ አሳታሚ ቅጂ ሊተካ ይችላል። ስሙም ሥዕሉም ሊመሳሰል ይችላል። ከአልበሙ ግርጌ የአሳታሚው ስምና ዓመት አለ፣ እሱን እይ። ከዚያ የዘፋኙ ገጽ ላይ ያንኑ አልበም በሌላ አሳታሚ ፈልግ።

ሁለቱን ስታገኝ ፍጥነቱንም አወዳድር። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ነው መሄድ ያለበት። የተገለበጠበት ቴፕ 6 በመቶ ከፈጠነ ዘፈኑ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። የዘፋኙ ድምፅ ይቀጥናል፣ ዘፈኑም ቶሎ ያልቃል። 5 ደቂቃ የነበረው ወደ 4 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ይወርዳል። እና የዘፈኑን ርዝመት ብቻ በማየት ቅጂው ሌላ መሆኑን ትጠረጥራለህ። ክራር የሚጫወት ሰው አጠገብህ ካለ አብሮ ይምታበት። ቅኝቱ ከአውታሩ ጋር አልገጥም ካለው ቅጂው ፈጥኗል ወይም ዘግይቷል።

ይህን የምለው ስለሚያሳስበኝ ነው። ልጆቻችን የድሮውን ዘፋኝ የሚያውቁት በዚህ በፈጠነ ቅጂ ነው። ድምፁ እንደዚያ ነበር ብለው ይይዙታል። ደህና ሸክላ ያለው ሰው ቆሻሻውን አጽድቶ፣ መርፌውን ቀይሮ፣ ፍጥነቱን ለክቶ ቢገለብጥልን ትልቅ ነገር ነው።

ቡና_በፒያሳ፦

ጋሼ፣ አገኘሁት። ከግርጌ ያለው አሳታሚ ሌላ ነው። የድሮውን ቅጂ ፈልጌ ዝርዝሬ ውስጥ ተካሁት። ርዝመታቸውም ይለያያል፣ የታፈነው በጥቂት ሰከንዶች ያጥራል። በጣም አመሰግናለሁ።

አራዳ_ጥገና፦

ድምፅ_በጎንደር፣ ያ ቅድሚያ መስጠት ያልከው ራውተሩ ላይ በምን ስም ነው የሚገኘው? ደንበኞቼ ይጠይቁኛል።

ድምፅ_በጎንደር፦

አብዛኛው ላይ ‹ኪው.ኦ.ኤስ› ይላል። አንዳንዱ ‹ባንድዊድዝ ኮንትሮል› ይለዋል። እዚያ ገብተህ ስልኩን ከዝርዝሩ ምረጥና ቅድሚያውን ከፍተኛ አድርግ። የመላኪያ ገደብ የሚል ካለ ለካሜራዎቹ ከጠቅላላው ግማሽ እንዳያልፉ አስራቸው። ርካሽ ራውተሮች ላይ ሁለቱም ላይኖር ይችላል። ያኔ ገደቡን ከካሜራው አፕ በኩል አድርገው።